የኤች አይ ቪ ምርመራና ሕክምና በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ፦ ከመመርመር እስከ መድኃኒት ክትትል፣ ደረጃ በደረጃ

መመርመሩን ብዙ ሰው ይወጣዋል። የሚሰናከለው ከዚያ በኋላ ነው። ውጤቱን ሰምቶ ኤ አር ቲ ክፍል (የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል) ሳይደርስ ወደ ቤቱ የሚመለስ አለ፤ ከአንድ ጤና ጣቢያ ወጥቶ ሌላው ጋ ሳይመዘገብ ወራት የሚያልፉት አለ፤ ቀጠሮው ደርሶ ጀልባ ወይም መኪና ያጣም አለ። መድኃኒቱ በነጻ እየተሰጠ ሰው የሚጎዳው በእነዚህ ክፍተቶች ነው። ስለዚህ በደረጃ 4 ውስጥ «ሳይዙ አይውጡ» የሚል መስመር አለ። ሌላውን ቢዘሉ እንኳ እሱን አይዝለሉ።

ከሁሉ በፊት፦ 72 ሰዓት ያልሞላው ነገር ካለ

ተደፍረው ከሆነ፣ ወይም በሥራ ላይ ሳሉ በሕመምተኛ ላይ ያገለገለ መርፌ ወግቶዎት ከሆነ፣ ይህን ጽሑፍ አንብበው እስኪጨርሱ አይጠብቁ። አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ባለሙያዎቹ «ፔፕ» የሚሉት፣ ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ እንዳይሰፍር የሚከላከል መድኃኒት አለ። የሚሰጠው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይበልጥ ያድናል። ከተጀመረ በኋላ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል።

1. ቅዳሜም ሆነ እሑድ፣ በዓልም ሆነ ሌሊት፣ ሰኞን አይጠብቁ። ባሕር ዳር ያሉት የፈለገ ሕይወትም የጥበበ ግዮንም ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል ሌት ተቀን ይሠራል።
2. ወረፋ ላይ ሆነው ጉዳዩን ለሁሉም አይዘርዝሩ። መጀመሪያ ላገኙት ነርስ «ሲስተር፣ ሰዓቱ የሚያልፍብኝ ጉዳይ ነው፤ ለብቻ ላናግርዎት» ይበሉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ወረፋ ታሳጥራለች።
3. ከተደፈሩ ሳይታጠቡ ይሂዱ፤ የለበሱትን ልብስ ሳያጥቡ በወረቀት ጠቅልለው ይያዙ። ፌስታል ልብሱን አርጥቦ ማስረጃውን ያበላሻል። ታጥበው ከሆነም ይሂዱ፤ መድኃኒቱ ያው ይሠራል።
4. ከተደፈሩ የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫው (ሕክምናውም የሕግ ጉዳዩም በአንድ ቦታ የሚታይበት ክፍል) የት እንደሆነ ይጠይቁ። ሕክምናው ይቅደም፤ የፖሊስ ወረቀቱ ይደርሳል።
5. ለሴት፦ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። እስከ 5 ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ግን ይሻላሉ። ስለ አባላዘር በሽታ መከላከያና ስለ ሄፓታይተስ ቢ ክትባትም በዚያው ይጠይቁ።

«መድኃኒቱ እዚህ የለም» ቢባሉ፣ የት እንዳለ በወረቀት አጽፈው በዚያው ቀን ይሂዱ። ከዘመድ ብልቃጥ ጥቂት ፍሬ ተበድሮ ዝም ማለት ግን መፍትሔ አይደለም፤ 28ቱ ቀን አይሞላም፣ ምርመራውም ይቀራል።

ደረጃ 1፦ የት እንደሚሄዱ ይወስኑ

የባሕር ዳር ሰው እንዳይታይ ብሎ ደብረ ታቦር ይሄዳል፤ የጎንደር ሰው ባሕር ዳር ይመጣል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ካርድ ክፍል ደጃፍ ላይ የአክስት ልጅ ወይም የዕድር ሰው ሊያጋጥም ይችላል። ግን ያስቡበት፦ መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው። መንገድ ሲዘጋ፣ ብር ሲያጥር፣ ሰውነት ሲደክም ሊደርሱበት የማይችሉት ቦታ አንድ ቀን ያቋርጥዎታል። ክፉ በሚሉት ቀን እንኳ በእግር ወይም በአንድ ባጃጅ የሚደርሱበትን ይምረጡ። የግድ መሸሸግ ከፈለጉ ከተማውን ሳይለቁ ሰፈር ይቀይሩ፤ ሽምብጥ የሚኖር ሰው አባይ ማዶ ቢከታተል ከሰፈሩ ዓይን ይርቃል፣ ከመድኃኒቱ ግን አይርቅም።

ጤና ጣቢያ። ለብዙው ሰው ትክክለኛው ቦታ ይህ ነው። ምርመራውም፣ መድኃኒት መጀመሩም፣ ክትትሉም በአንድ ግቢ ያልቃል፤ ወረፋውም ከሆስፒታል ያጥራል።

ሆስፒታል። ክፉኛ የታመመ፣ ከባድ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት፣ ወይም መድኃኒት አልሠራ ብሎት የሚቀየርለት ሰው ይሂድ። ከጤና ጣቢያ ተጽፎለት ከሄደ የተሻለ ነው።

የቤተሰብ መምሪያ ክሊኒክ። የእርግዝና መከላከያ፣ የአባላዘር በሽታና የኤች አይ ቪ ምርመራ በአንድ ጉዞ ለሚፈልጉ፣ በተለይ ለወጣቶች ይመቻል።

የግል ክሊኒክ። ከፍለው መመርመር ይችላሉ። ከመክፈልዎ በፊት ግን «ቫይረሱ ከተገኘ ወዴት ነው የምትልኩኝ? ወረቀት ትጽፋላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ካላማረዎት መንግሥት ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ደረጃ 2፦ ከቤት ሳይወጡ የሚያዘጋጁት

ስምዎን። ይህን የማስቀድመው ብዙ ሰው የሚወድቅበት ስለሆነ ነው። በሐሰት ስምና በሐሰት ቀበሌ መመዝገብ ለአንድ ቀን ያሳርፋል፤ በኋላ ግን ላቦራቶሪው ውጤት ሲልክ የሚፈልግዎት ሰው አያገኝዎትም፤ ቦታ ሲቀይሩም ወረቀቱ ከመታወቂያዎ ጋር አይገጥምም። በእውነተኛ ስምዎ ይመዝገቡ፤ ምስጢር እንዲጠበቅልዎ ደግሞ በግልጽ ይጠይቁ።

ስልክዎን። ራስዎ ብቻ የሚያነሱትን ቁጥር ይስጡ። «ስትደውሉ ከጤና ጣቢያ ነው አትበሉ፤ ሌላ ሰው ካነሳ ዝጉት» ብለው ያስመዝግቡ። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም፤ ባለሙያዎቹም ለምደውታል።

ብርዎን። የኤች አይ ቪ ምርመራ፣ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትና የቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ምርመራ በመንግሥት ተቋም አይከፈልባቸውም። ለካርድ ወይም ለሌላ ሕመም ምርመራ ሊጠየቁ ስለሚችሉ ጥቂት ብርና የጤና መድን ደብተርዎን ይያዙ።

ሰዓትዎን። ጠዋት 2፡30 ገደማ ይድረሱ። ሰኞና የበዓል ማግስት ይጨናነቃል። ከምሳ ሰዓት በፊት ያልተጠናቀቀ ጉዳይ ከሰዓት ስለሚሸጋገር፣ ከገጠር የሚመጣ ሰው የመመለሻውን መኪና አስቀድሞ ያስብ።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የጨጓራ ማስታገሻውንም የሀገር ባህል መድኃኒቱንም፣ ይጻፉ ወይም ራሱን ይዘው ይሂዱ።

ደረጃ 3፦ ምርመራው

1. መጀመሪያ አጭር ምክር ይሰጥዎታል። ምርመራው በፈቃድ ነው። ዕድሜው 15 የሞላ ሰው በራሱ ፈቃድ መመርመር ይችላል።
2. ጣትዎ ተወግቶ ጠብታ ደም ይወሰዳል። ውጤቱ በደቂቃዎች ይደርሳል፤ ከግቢው አይውጡ። «ሻይ ጠጥቼ ልምጣ» ብሎ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ አይመለስም።
3. የመጀመሪያው መመርመሪያ ምልክት ካሳየ ባለሙያው ሌላ ዓይነት መመርመሪያ ይጠቀማል። በአንድ መመርመሪያ ብቻ «ቫይረሱ አለብህ» አይባልም። ደጋግመው ሲመረምሩዎት ስህተት ተሠራ ብለው አይደንግጡ፤ አሠራሩ ይኸው ነው።
4. መመርመሪያዎቹ ካልተስማሙ ከ14 ቀን በኋላ እንዲመለሱ ይነገርዎታል። እስከዚያ ድረስ ኮንዶም ይጠቀሙ፤ ቀኑን ግን አያሳልፉ።

ነጻ ከሆኑ። ለቫይረሱ ተጋልጠው የነበረው በቅርብ ከሆነ ምርመራው ገና ላያየው ይችላል። የተጋለጡበትን ቀን ለባለሙያው ይንገሩና በ3 ወር እንዲመለሱ ቀን ያስጽፉ። የትዳር አጋርዎ ቫይረሱ ካለበት፣ ወይም ኑሮዎ በወሲብ ሥራ ላይ ከሆነ፣ «ፕሬፕ» ስለሚባለው፣ ነጻ ሰው አስቀድሞ ስለሚወስደው መከላከያ መድኃኒት ይጠይቁ። ካልጠየቁ ሳይነገርዎት ሊቀር ይችላል።

ቫይረሱ ከተገኘ። ወንበሩ ላይ ይቆዩ። በዚያች ሰዓት ጆሮ ይደነቁራል፤ የተነገረው ግማሹ አይሰማም። ባለሙያዋ «አይዞሽ እህቴ» ብላ የምትቀጥለውን ምክር ማስታወስ ካቃተዎት «በወረቀት ይጻፉልኝ» ይበሉ። ለማን እንደሚነግሩ፣ ባል ወይም ሚስት ምን እንደሚባል፣ ልጆቹ መመርመር ይኖርባቸው እንደሆነ ያን ዕለት መወሰን የለብዎትም። ያን ዕለት የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ወደ ሚቀጥለው ክፍል መግባት።

በራስዎ ቤት ከመረመሩ። ከተቋም የሚሰጠው የራስ መመርመሪያ በድድ ላይ በሚታሸት ዘንግ የሚሠራ ከሆነ፣ ከመጀመርዎ በፊት ለ15 ደቂቃ አይብሉ፣ አይጠጡ፤ ለ30 ደቂቃ ጥርስዎን አይፋቁ። የላይኛውንና የታችኛውን ድድ አንድ ጊዜ ብቻ ይሹ። ዘንጉን ፈሳሹ ውስጥ አቁመው ከ20 ደቂቃ በፊት አያንብቡ፤ 40 ደቂቃ ካለፈም አያንብቡት። አንድ መስመር «ሲ» (C) ከሚለው የፈረንጅ ፊደል አጠገብ ብቻ ከታየ ቫይረሱ አልታየም ማለት ነው። ሁለት መስመር ከታየ፣ ሁለተኛው ደብዛዛ ጥላ ቢመስል እንኳ፣ በጤና ተቋም መረጋገጥ አለበት። «ሲ» ላይ ምንም መስመር ከሌለ መመርመሪያው አልሠራም፤ ሌላ ይጠይቁ። መድኃኒት የጀመረ ሰው በዚህ ራሱን አይመርምር፤ «ነጻ ሆኛለሁ» የሚል የተሳሳተ ውጤት ሊያሳየው ይችላል። በዚህ ምክንያት መድኃኒት ያቆመ ሰው ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል።

ደረጃ 4፦ ከምርመራ ክፍል እስከ ኤ አር ቲ ክፍል

የዚህ መመሪያ እምብርት ይህ ነው። ርቀቱ አንዳንዴ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ ሰው የሚጠፋውም በሠላሳው እርምጃ ነው።

1. ኤ አር ቲ ክፍሉ በዚያው ግቢ ካለ ብቻዎን አይሂዱ። «ሲስተር፣ እስከዚያ አብረውኝ ይሂዱ» ይበሉ። ኬዝ ማናጀር (ታካሚዎችን የሚከታተልና የሚያግዝ ሠራተኛ) ካለ እሱ ይወስድዎታል፤ ከሌለ መርማሪዋ ራሷ እንድትወስድዎት ይጠይቁ። ወረቀት ጨብጦ ግቢ ውስጥ መንከራተት ነው ሰውን ወደ በሩ የሚመልሰው።
2. ሌላ ተቋም መሄድ ከፈለጉ የመላኪያ ወረቀቱን ከማኅተም ጋር ይቀበሉ። ከመውጣትዎ በፊት እዚያ ያለው ባለሙያ በስልክ እንዲነገረው ይጠይቁ። በማግስቱ ይሂዱ፤ «ከበዓሉ በኋላ» ወር ይሆናል።
3. ኤ አር ቲ ክፍል ሲገቡ ካርድ ይወጣልዎታል፣ ክብደትዎ ይለካል፣ ስለ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ይጠየቃሉ። እውነቱን ይናገሩ፤ ጥያቄው የሳንባ ነቀርሳን ለመለየት ነው።
4. ደም ይወሰዳል። ዝግጁ ከሆኑ መድኃኒቱን በዚያው ዕለት መጀመር ይችላሉ። ዝግጁ ካልሆኑ በ7 ቀን ውስጥ የሚመለሱበት ቀን ይያዙ።
5. ብርቱ ራስ ምታት፣ የአንገት መድረቅ ወይም የመንፈስ መደናገር ካለ ሳይጠየቁ ይናገሩ። የአንጎል ሽፋን ኢንፌክሽን ከተጠረጠረ እሱ ቀድሞ ይታከማል፤ የኤች አይ ቪው መድኃኒት ለጥቂት ሳምንታት ሊዘገይ ይችላል። ይህ ለእርስዎ ሲባል የሚደረግ ነው፤ ቸል ተባልኩ ብለው አይቅሩ።

ሳይዙ አይውጡ፦ የኤ አር ቲ መለያ ቁጥርዎን (በስልክ ፎቶ ያንሱት)፤ የክፍሉን ስልክ ቁጥር፤ የመድኃኒቱን ስም፤ የቀጠሮውን ቀን። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ እዚያው ጠይቀው አጠገቡ ያስጽፉ።

ስለ ቀን አቆጣጠር አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። መድኃኒቱ የሚቆጠረው በፍሬ እንጂ በወር አይደለም። ነሐሴ 10 ቀን 30 ፍሬ ተቀብለው «መስከረም 10 እመለሳለሁ» ካሉ በመካከሉ ጳጉሜን አለች፤ 35 ቀን ይሆናል፣ 5 ቀን ባዶ ያድራሉ። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 6 ቀን። ክረምት ላይ ቀጠሮ ሲሰጥዎት ጣትዎን አጥፈው ይቁጠሩ፤ ካልበቃ እዚያው ይናገሩ።

ደረጃ 5፦ መድኃኒቱን መውሰድ

አሁን ለአብዛኛው አዋቂ የሚሰጠው ሦስት መድኃኒት በአንድ ፍሬ የያዘ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ይዋጣል። ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል።

ሰዓት ይምረጡ። ከማታው 2 ወይም 3 ሰዓት ለብዙ ሰው ይመቻል፤ ጾመኛም ከጾም ሰዓት ጋር አይጋጭበትም። እንቅልፍ ከነሳዎት ባለሙያውን ጠይቀው ወደ ጠዋት ያዛውሩት። ሁለት ሳምንት ገደማ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ሽፍታ ከትኩሳት ጋር ከወጣ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ፊት ካበጠ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዕለቱን ይሂዱ።

ከረሱ። እንዳስታወሱ ይዋጡት። የሚቀጥለው ሊደርስ 4 ሰዓት ያህል ብቻ ከቀረው ያለፈውን ይተዉት። ሁለት ፍሬ ደርበው አይዋጡ።

የማይስማማው። ቃርና ጨጓራ ለሚያስታግሱ፣ የሚታኘኩም ይሁኑ የሚጠጡ መድኃኒቶች ይጠንቀቁ። የኤች አይ ቪውን ከእነሱ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ ይውሰዱ፤ አብረው ከተወሰዱ ሰውነት መድኃኒቱን በሚገባ አይቀበለውም። የብረትና የካልሲየም እንክብል ከምግብ ጋር ሲሆን አብሮ መውሰድ ይቻላል። የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ መጠኑ ይስተካከላል።

ብልቃጡ። ፍሬዎቹን ወደ ፌስታል አይገልብጡ፤ ውስጡ ያለችውን እርጥበት መምጠጫ ከረጢትም አይጣሉ። ብልቃጡ ታክሲ ላይ ይንኳኳል፣ ሰውም ያውቀዋል ብለው ከፈሩ፣ ልብስ ውስጥ ጠቅልለው ቦርሳው ሥር ያስቀምጡት። ከመስኮትና ከምድጃ ያርቁት፤ የባሕር ዳር የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ቀላል አይደለም።

ጠበል። ወደ ጠበል ሲሄዱ መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው እንዲወሰዱ በይፋ አስተምረዋል፤ ስለዚህ ጠበል ቦታ «መድኃኒቱን ጣሉት» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ብለው አይቀበሉት። ፍሬውን በጠበሉ መዋጥም ይቻላል። እሰነብታለሁ ካሉት ቀን የሚበልጥ ፍሬ ይያዙ።

ራስዎ አያቁሙ። በተለይ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በድንገት ቢያቆም ጉበቱ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል፤ ይኸው መድኃኒት ያንንም ይዞ ስለሚያቆየው ነው። ለባልዎ፣ ለሚስትዎ ወይም ለጎረቤት ከብልቃጥዎ አያካፍሉ፤ እነሱም ተመርምረው የራሳቸውን ይቀበሉ።

ደረጃ 6፦ ቀጠሮና ቫይራል ሎድ

መጀመሪያ ቀጠሮው ይቀራረባል፤ ደኅና ከሆኑ በ3 ወር፣ ከዚያም በ6 ወር ይሆናል። የ6 ወር መድኃኒት አንድ ጊዜ መቀበል ለገጠር ሰውና ለነጋዴ ትልቅ እረፍት ነው። ካልተነገረዎት «እኔስ ለስድስት ወሩ እበቃለሁ?» ብለው ይጠይቁ።

ቫይራል ሎድ ማለት ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ነው። መድኃኒት ከጀመሩ በወራት ውስጥ፣ ከዚያ ደግሞ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይለካል። ናሙናው ባሕር ዳር ባለው የአማራ ክልል ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የመሰለ ላቦራቶሪ ተልኮ ስለሚሠራ ውጤቱ ዕለቱን አይደርስም። ዝምታን እንደ ጥሩ ውጤት አይቁጠሩት። ደም የሰጡበትን ቀን ጽፈው ይያዙና በሚቀጥለው ቀጠሮ «ቫይራል ሎዴ ስንት ሆነ?» ብለው ይጠይቁ። ከጠፋ እንደገና ይስጡ።

ቫይረሱ «አይታይም» ከተባለና እንደዚያው ከቀጠለ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ይህ የተረጋገጠ ነው፤ ለትዳርም ለመውለድም ተስፋ ነው። ይህን ያመጣው ግን በየቀኑ የሚዋጠው ፍሬ ነው፤ ሲቆም ቫይረሱ ይመለሳል።

መጠኑ ከፍ ብሎ ከመጣ የምክር ክትትል ተደርጎ ከ3 ወር ገደማ በኋላ ይደገማል። እዚህ ላይ ለምኜ ልንገርዎት፦ የዘለሉት ቀን ካለ እውነቱን ይናገሩ። «አንድም ቀን አልዘለልኩም» ካሉ ሐኪሙ መድኃኒቱ ተሸንፏል ብሎ ያለ አስፈላጊነቱ ሊቀይረው ይችላል። ጾምም፣ ጠበልም፣ ችግርም፣ ከባል መሸሸግም ይሁን ምክንያቱ ሲታወቅ መፍትሔ ይፈለግለታል።

ሴቶች በክትትል ቀናቸው የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ይጠይቁ፤ ቫይረሱ ባለባቸው ሴቶች ላይ ይበዛል፣ ቀድሞ ከተያዘ ደግሞ ይድናል።

ደረጃ 7፦ ለሐይቅ ዳር ሰውና ለሥራ ለሚንቀሳቀስ

ከደቅ ደሴት የሚመጣ ሰው ቀጠሮውን ጀልባው በሚወጣበት ቀን ያስይዝ፤ ለክፍሉም «ከደሴት ነው የምመጣው» ብሎ ያስመዝግብ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ያስቸግራል፣ ጀልባም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ፍሬው ሊያልቅ ቢያንስ 2 ሳምንት ሲቀረው ይምጡ። ከዘጌ የሚመጣ ሰው መንገድም ጀልባም ስላለው ይሻለዋል፤ ያም ቢሆን ለመጨረሻው ቀን አያቆይ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ ብልቃጡ ውስጥ ሁልጊዜ የ2 ሳምንት ትርፍ ይኑር።

ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ የሚወርዱ፦

1. ከመነሳትዎ 2 ሳምንት በፊት ለኤ አር ቲ ክፍሉ ይንገሩ። የሥራውን ወራት የሚሸፍን መድኃኒት ይጠይቁ።
2. ከዚያ በላይ የሚቆዩ ከሆነ የዝውውር ወረቀት ይውሰዱ። የመለያ ቁጥር፣ መድኃኒቱ የተጀመረበት ቀን፣ አሁን የሚወስዱት መድኃኒትና የመጨረሻው ቫይራል ሎድ የተጻፈበት መሆኑን እዚያው ቆመው ያንብቡ። ማኅተም የሌለው ወረቀት ይመልስዎታል።
3. እዚያ ሲደርሱ ፍሬው ሳያልቅ ይመዝገቡ።
4. ወረቀት ሳይዙ ሄደው ካለቀብዎት ባዶውን ብልቃጥና የካርድዎን ፎቶ ይዘው በአቅራቢያ ያለ ኤ አር ቲ የሚሰጥ ማንኛውም ተቋም ይግቡ። «አቋርጫለሁ፣ ወረቀቴ ባሕር ዳር ነው፣ ስልካቸው ይኸው» ይበሉ። እንደ አዲስ ሰው ተመርምረው ሌላ ካርድ አያውጡ፤ ታሪክዎ ይጠፋል።

ደረጃ 8፦ እርጉዝ ከሆኑ

በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ይመርመሩ፤ ባልዎንም ይዘው ይሂዱ። ቫይረሱ ከተገኘ መድኃኒቱ በዚያው በእናቶች ክፍል ዕለቱን ይጀመራል። በጤና ተቋም ይውለዱ። ሕጻኑ እንደተወለደ መከላከያ መድኃኒት ይሰጠዋል። ምጥ ቀድሞ ቤት ከወለዱ «አራስ ነኝ» ብለው አይቆዩ፤ በዚያው ዕለት፣ ቢዘገይ በ3 ቀን ውስጥ ሕጻኑን ያድርሱ። እርስዎ መውጣት ካልቻሉ እናትዎ ወይም እህትዎ ይዘውት ይሂዱ።

ለ6 ወር ጡት ብቻ ያጥቡ፤ ውኃም፣ ቅቤም፣ አብሽም አይቀላቅሉ። በ6 ሳምንቱ ከተረከዙ ጠብታ ደም ተወስዶ ይመረመራል፤ ውጤቱን ሳይሰሙ አይተዉ። የመጨረሻው ምርመራ 18 ወር ከሞላው በኋላ ጡት መጥባቱን ካቆመ ወዲያ ነው። በመካከል «ነጻ ነው» ሲባሉ ደስ ይበልዎት፤ ክትትሉን ግን አይጨርሱት።

ደረጃ 9፦ የአባላዘር በሽታ ምልክት ካለ

ፈሳሽ፣ ቁስል፣ ሲሸኑ ማቃጠል ወይም የንፍፊት እብጠት ካለ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝተው አይሞክሩ። ጤና ጣቢያ በምልክቱ መሠረት በዚያው ቀን ያክማል። የታዘዘውን ይጨርሱ፤ የተኙት ሰውም አብሮ ካልታከመ በሽታው ይመለስብዎታል። በዚያው ኤች አይ ቪም ይመርመሩ፤ ቁስል ካለ ቫይረሱ በቀላሉ ይገባል።

ሲሰናከልብዎት

ቀጠሮ አለፈኝ፣ ይቆጡኛል። ይሂዱ። ወር ቢያልፍም ዓመት ቢያልፍም ይሂዱ። ቁጣ ቢኖር ለአምስት ደቂቃ ነው፤ መድኃኒቱ ግን እንደገና ይጀመራል። ከቆዩ በኋላ ሲመለሱ ሳል፣ ትኩሳት ወይም ራስ ምታት ካለ መጀመሪያ እሱን ይናገሩ።

ባለሙያው ምስጢሬን አወጣ። ተቋሙን ከመተውዎ በፊት ለኃላፊው በጽሑፍ ያመልክቱ። እዚያ መቀጠል ካልቻሉ የዝውውር ወረቀት ይጠይቁ፤ ወረቀት ሳይዙ አይጥፉ።

መድኃኒቱ ዛሬ አልቋል አሉኝ። ሙሉው ካልተገኘ የጥቂት ቀን ይጠይቁ፤ እሱም ከሌለ ወደ ሌላ ተቋም የሚልክ ወረቀት በዚያው ሰዓት ያስጽፉ። ባዶ እጅዎን አይመለሱ።

ባሌ እንዳያውቅ እፈራለሁ። ለምክር ሰጪዋ ይንገሯት። ሁለታችሁ እንደ አዲስ አብራችሁ የምትመረመሩበት መንገድ አለ፤ ያን ቀን እንዴት እንደሚናገሩት ምክር ሰጪዋ አብራዎት ታስባለች። ይመታኛል ብለው ከፈሩ ይህንንም ይንገሯት፤ እንደዚያ ከሆነ ደኅንነትዎ ሳይረጋገጥ እንዲነግሩት አትገፋፋዎትም።

የማናግረው ሰው የለኝም። የጤና ሚኒስቴር ነጻ መስመር 952 ነው። ስምዎን ሳይናገሩ መጠየቅ ይችላሉ።